በየቀኑ ሞርፊን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ሲመጣ ምን ትሰጣላችሁ?

ተረኛ ነርስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የሕሙማኑ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ፣ የሕክምናው ነገር ግን እንዳለ ነው።

የመጀመሪያዋ የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው እናት ናቸው። ለወራት በአፍ የሚወሰድ የሞርፊን ሽሮፕ ሲወስዱ ቆይተዋል፣ 20 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ። በዚህ ዝናብ ደጃቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። ከገጠር እስኪደርሱ፣ ካርድ እስኪወጣ፣ ራጅ እስኪነሱ ቀኑ ሄደ። ሽሮፑ ቤት ቀርቷል። እኛ ጋ የተሰጣቸው ዲክሎፌናክ መርፌና ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ሞርፊን ይታዘዝላቸው ስል "ቀድሞውኑ ሞርፊን ላይ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ከተጨመረ ትንፋሻቸው ይቆማል" ተባልኩ። ማታ ላይ ማዛጋት ጀመሩ። አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸዋል፣ ክንዳቸው ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል። አልጋው በተነካ ቁጥር ይጮሃሉ። የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ብቻ ስለሆነ የሚሉትን ልጃቸው ናት የምታስረዳን፣ እሷም ከማልቀስ ጋር።

ሁለተኛው ወጣት ነው። አጂፕ አካባቢ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ትከሻው ወልቆ፣ ጎኑ ተልጦ መጣ። ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ስንለው ሳይደብቅ ተናገረ። ከድሮ የሞተር አደጋ በኋላ ለጀርባው ብሎ ትራማዶል ጀምሮ አሁን በየቀኑ ይወስዳል፣ ካልወሰደ አይሆንለትም። ይህን ካለ በኋላ የሁሉም ፊት ተቀየረ። "ይሄ ሱሰኛ ነው፣ መድኃኒት ፈልጎ ነው የመጣው" ተባለ፣ እሱ እየሰማ። ትከሻው እንደምንም ተመለሰለት፣ የጎኑን ራጅ ሳይነሳ ግን ጥሎን ሄደ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ ምን ያህል ነው የሚሰጠው? ከየት ነው የሚጀመረው? መስጠት የሚከለክለን ነገርስ በእርግጥ አለ ወይስ ፍርሃት ብቻ ነው? ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ግን ሰው ሲሰቃይ ቆሞ ማየት ከብዶኛል።

የድንገተኛ ሐኪም

ሲስተር፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይሄ ነገር በየአገሩ ያለ ችግር ነው፣ እኛ ጋ ብቻ አይደለም።

"ቀድሞውኑ ሞርፊን ላይ ናቸው" የሚለው ምክንያት የተገለበጠ ነው። እኚህ እናት በየቀኑ የሚወስዱት ሞርፊን የካንሰሩን ሕመም ነው የያዘላቸው። ሰውነታቸው ለምዶታል። ትናንት የተሰበረው አጥንት ገና ምንም አልተሰጠውም። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለብሽ ማለት ነው። የዕለት ዶዛቸው እንዳይቋረጥ ማድረግ አንድ ነው። ለስብራቱ ደግሞ በላዩ ላይ መጨመር ሌላ ነው። ብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ሁለቱም ሳይደረጉ ይቀራሉ፣ የዕለቱ ዶዝ ይረሳል፣ ለስብራቱም ዲክሎፌናክ ይወጋል፣ አለቀ።

የነገርሽን ምልክት ሁሉ አንድ ላይ ስታይው፣ ማዛጋቱ፣ የአፍንጫው ፈሳሽ፣ ላቡ፣ ቁርጠቱ፣ የቆመው ጠጉር፣ ዊዝድሮዋል ነው፣ ማለትም ሰውነት የለመደው መድኃኒት ሲቋረጥበት የሚያሳየው ምልክት። እንደ ሞርፊን ሽሮፕ ቶሎ የሚያልቅ መድኃኒት ሲቋረጥ ከመጨረሻው ዶዝ በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የዓይን ብሌናቸውን ብታዪው ሰፍቶ ታገኚው ነበር። ሞርፊን የበዛበት ሰው ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል፣ የቀረበት ሰው ብሌኑ ይሰፋል። ይህችን አንዷን ነገር በባትሪ አይቶ መለየት ብዙ ክርክር ይዘጋል። ቁርጠቱንና ትውከቱን አይቶ የሆድ ዕቃ ችግር ነው ብሎ ሰርጀሪ የሚጠራም አለ፣ እሱንም ልብ በሉ።

አሁን ሂሳቡ። 20 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ማለት በቀን 120 ሚሊግራም በአፍ ነው። በደም ስር የሚሰጠው ሞርፊን በአፍ ከሚወሰደው 3 እጥፍ ያህል ይበረታል። ስለዚህ 120 በአፍ ወደ 40 በደም ስር ይመጣል። ለቀዶ ሕክምና ጾመው ከሆነ ወይም የሚያስመልሳቸው ከሆነ በየ4 ሰዓቱ 6 ሚሊግራም ገደማ በደም ስር ሰጥተሽ የዕለቱን ትይዥላቸዋለሽ። መዋጥ ከቻሉ ደግሞ ምንም ሂሳብ አያስፈልግም፣ ያው ሽሮፓቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ።

ለስብራቱ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከቀን ድምሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ተደርጎ ነው። ለእኚህ እናት ከ12 እስከ 18 ሚሊግራም በአፍ፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም በደም ስር። ሰጥተሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ትንፋሻቸውን ትቆጥሪያለሽ፣ ካልበቃ ትደግሚያለሽ። ከለመደ ሰው ጋር ስትሠሪ ከሌላው በሽተኛ የበለጠ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል፣ ያ መጠን ሲጻፍ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለዚህ ነው በትንሽ በትንሹ እየደጋገሙ መሄድ የሚሻለው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የሚወስዱትን መጠን አረጋግጪ። ጠርሙሱ፣ የክትትል ካርዱ፣ አስታማሚው፣ ከሦስቱ አንዱ ይናገራል። ማረጋገጥ ካልተቻለ ከተባለው ግማሹን ሰጥቶ መጀመርና እያዩ መጨመር ይሻላል። ሌላው፣ "እወስድ ነበር ግን ካቆምኩ ቀናት ሆኖኛል" የሚል ሰው ከመጣ የለመደው ሰውነት የለም ብለሽ ቁጠሪው። መላመድ ቶሎ ነው የሚጠፋው። የድሮውን ዶዝ እንዳለ መመለስ ያኔ በእርግጥ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ስለ ወጣቱ በኋላ እጽፋለሁ፣ አሁን ተረኛ ነኝ።

ከወረዳ ሆስፒታል

ዶክተር ያሉት በመጽሐፍ ደረጃ ልክ ነው። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ከጅማ ወጣ ብሎ ነው የምሠራው። በተግባር ያለውን ልናገር። ሌሊት አንድ ነርስ ክፍሉን ሙሉ ይዛ ታድራለች። ሞኒተር የለም፣ ወይም አንድ አለ፣ እሱም ሌላ ሰው ላይ ነው። የሞርፊን ማርከሻ የሆነውን ናሎክሶን ስትፈልገው አልቋል ይባላል። የኩላሊት ጠጠር አለብኝ ብሎ ትራማዶል በመርፌ ካልሰጣችሁኝ የሚል ሰው ደግሞ በየሳምንቱ አይጠፋም፣ አንዱ ጋ ሲከለከል ሌላው ጋ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው ሞርፊን ተሰጥቶት ቢሞት የሚጠየቀው የሰጠው ሰው ነው። በሕመም ስለተሰቃየው ማንም አይጠየቅም። ክፋት ስላለን አይደለም የማንሰጠው። ይሄንን የሚመልስልኝ ሰው ካለ በደስታ እሰማለሁ።

የድንገተኛ ሐኪም

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፣ በተለይ "ስለተሰቃየው ማንም አይጠየቅም" ያልካት። ዋናው ችግር እሷ ናት።

ሞኒተር በሌለበት የሚሠራ ነገር አለ። በሞርፊን ትንፋሽ ከመቆሙ በፊት ሰውየው እንቅልፍ ይጫነዋል። መጀመሪያ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ስትጠራው ቃል ሳይጨርስ መልሶ ይተኛል፣ ከዚያ ነው ትንፋሹ የሚዘገየው። ኦክሲጅን ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን) የሚወርደው ደግሞ ዘግይቶ ነው፣ በተለይ ኦክሲጅን ተደርጎለት ከሆነ። ስለዚህ ስሙን ጠርተህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልስልህ እንደሆነ እይ። ትንፋሹን ደረቱን እያየህ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠር፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ ላይ አይሠራም። ከ10 በታች ከወረደ ወይም ቃል ሳይጨርስ የሚተኛ ከሆነ የሚቀጥለው ዶዝ ይቆያል። ይሄን አስታማሚም ማስተማር ይቻላል፣ እኛ አገር አስታማሚ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አይለይም፣ "ስትጠሯቸው ካልመለሱ ሩጣችሁ ጥሩኝ" ማለት ይበቃል።

ፍርሃታችን የት ላይ መሆን እንዳለበትም ልንገርህ። በየቀኑ የሚወስድ ሰው ላይ በሂሳብ የተሰጠ ሞርፊን ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ድብልቁ ነው። ከሞርፊኑ ጋር ዲያዜፓም (የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት) የተሰጠው፣ ወይም ጠጥቶ የመጣ ሰው። ጅማ ላይ ደግሞ ይሄን አለመጠየቅ አይቻልም። ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የወጣ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ እሱ ካልነገረን አናውቅም። ጫት ብቻውን የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ከሕመም ጋር ይምታታል፣ ሲቀርበት ደግሞ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ያንን እንቅልፍ ከሞርፊን እንቅልፍ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ "ዛሬ ቅመሃል? ጠጥተሃል? የእንቅልፍ ክኒንስ?" የሚለውን ያለ ቁጣ መጠየቅ ነው። ሰው ከተቆጣኸው ይዋሻል።

የባጃጁ ልጅ ጋ ልምጣ። መድኃኒት ፈልጎ የሚመጣ ሰው አለ፣ አልክድም። ግን የወለቀ ትከሻ ራጅ ላይ ይታያል። ቃጠሎ ይታያል። የተሰበረ አጥንት ይታያል። ሱስ ቢኖርበትስ? ሱስ ያለበት ሰው አጥንት አያመውም ያለ ማነው? ለረጅም ጊዜ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ ማስታገሻ) የወሰደ ሰው እንዲያውም ሕመም የበለጠ ሊሰማው ይችላል፣ ሌላውን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር እሱን ያስጮኸዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትከሻው ወልቆ ተኝቶ እያለ ከትራማዶል የሚላቀቅ ሰው የለም። ብትከለክለው የሚሆነው ሲስተር የነገረችን ነው፣ ጥሎ ይሄዳል። ጎኑ ላይ የተሰበረ የጎድን አጥንት ቢኖርስ? ሳንባው ተበስቶ ቢሆንስ? ራጁን አልተነሳም እኮ።

ትራማዶል ላይ ግን ከሞርፊን የተለየ ጥንቃቄ አለ። በቀን ስንት ሚሊግራም እንደሚወስድ ጠይቁት። ከፍተኛው የሚፈቀደው በቀን 400 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ በላይ የሚወስዱ ብዙ ናቸው፣ መጠኑ ሲጨምር የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ስለዚህ የዕለቱን ያህል እንዲያገኝ ማድረግ እንጂ ለአዲሱ ሕመም በትራማዶል ላይ ትራማዶል መደራረብ አይደለም። ለአዲሱ ሕመም ሞርፊን በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ፔቲዲን የሚባለው ሌላው ኦፒዮይድ ደግሞ ከትራማዶል ጋር ባይነካካ ይመረጣል፣ ሁለቱም መንቀጥቀጥ ያመጣሉ። ለትከሻው እንዲያውም ያለ ኦፒዮይድ የሚሠራ ነገር ነበር። 1 በመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) 20 ሚሊ ያህል በንጹሕ አሠራር መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተጠብቆ፣ ትከሻው ይመለስ ነበር።

ሰመመን ሰጪ

ዶክተር የነኳትን የሊዶኬይን ነገር ላስፋፋት፣ ምክንያቱም ለለመደ ሰው ትልቁ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነርቭ የሞርፊን ልማድ አያውቅም። በየቀኑ 1 ሚሊ የሚወስደውም፣ ጠርሙስ የሚጨርሰውም፣ ነርቩ ከደነዘዘ ሁለቱም እኩል ያርፋሉ።

ከዚያ በፊት ግን ስፕሊንት፣ የተሰበረውን አካል እንዳይንቀሳቀስ ማሰሪያው! እግሩ ሳይታሰር ስለ መድኃኒት የሚወራበት ጊዜ ብዙ ነው። የተሰበረ የጭን አጥንት ካልተያዘ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጫፍና ጫፉ ሥጋውን ይወጋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ የትኛውም ዶዝ አይበቃውም። ቶማስ ስፕሊንት ካለ እሰየው፣ ከሌለ ትራክሽን (እግሩን በክብደት መሳብ)፣ እሱም ከሌለ ጣውላና ፋሻ። ራጅ ክፍል ከመውሰዳችሁ በፊት።

ለጭን አጥንት ስብራት ፋሺያ ኢሊያካ ብሎክ የሚባለውን፣ የጭኑን ነርቭ የሚያደነዝዘውን መርፌ ተማሩት። አልትራሳውንድ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖርም በእጅ ዳሰሳ ይሠራል። ከዳሌው አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ብልት አጥንቱ መስመር ታሰምራላችሁ፣ መስመሩን ለ3 ትከፍሉና የውጪው ሲሶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። ጫፏ ደነዝ ያለ መርፌ ስትገባ ሁለት ጊዜ ጧ የሚል ስሜት እጃችሁ ላይ ይሰማል፣ አንዱ የላይኛው ሽፋን ሲበሳ ሌላው የታችኛው። የደም ቧንቧው ወደ ውስጥ በኩል ስለሆነ ከእሱ ርቃችሁ ነው ያላችሁት፣ ቢሆንም ሳባችሁ ደም አለመምጣቱን አይታችሁ ነው የምትሰጡት። ማደንዘዣው 0.25 በመቶ ቡፒቫኬይን ነው፣ 30 ሚሊ ማለት 75 ሚሊግራም ነው። ጣሪያው በኪሎ 2 ሚሊግራም ስለሆነ ለ50 ኪሎ ሰው 100 ነው፣ ከዚያ በታች ናችሁ። ካንሰር ያከሳቸውን ሰዎች ግን መዝኑ፣ በግምት አትሂዱ። ከንፈሬ አካባቢ ደነዘዘኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ ካለ ወዲያው አቁሙ። ከመውጋታችሁ በፊት እግሩ ላይ ያለውን ስሜትና እንቅስቃሴ መዝግቡ፣ በኋላ ነርቭ ተጎድቷል ቢባል ከስብራቱ ይሁን ከመርፌው ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ኬታሚን ነው። ብዙ ጤና ተቋም ውስጥ ያለ የሰመመን መድኃኒት ነው፣ በጣም በትንሽ መጠን ግን ለማስታገሻነት የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው። ሞርፊን ከሚሠራበት በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ለለመደ ሰው በጣም ይስማማል። በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ነው። 50 ኪሎ ለሆነች እናት 10 ሚሊግራም ብትጀምሩ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ 10 ሚሊግራም ማለት 0.2 ሚሊ ነው፣ ጠብታ ማለት ነው። በቀጥታ ከጠርሙሱ ስባችሁ አትስጡ። 100 ሚሊ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ ግሉኮስ የሌለበት) ውስጥ ጨምራችሁ በ15 ደቂቃ አንጠባጥቡት። ቶሎ ከገባ ሰውየው ከአካሉ የወጣ ይመስለዋል፣ ይደነግጣል። አስቀድማችሁ በሚገባው ቋንቋ "ጭንቅላትዎ ቀለል ሊልዎት ይችላል፣ ቶሎ ያልፋል" በሉት። ይህን ብቻ መስማት ብዙ ያረጋጋል።

ለቀዶ ሕክምና ወደ እኛ ስትልኳቸው ደግሞ እባካችሁ የዕለት ዶዙን ቻርቱ ፊት ላይ ጻፉልን። ሳናውቅ እንደ ማንኛውም ሰው ሰጥተን ሲነቁ ጩኸት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመድኃኒት ቤት ሰው

ፋርማሲስት ነኝ። ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ እኔ የማየውን ልጨምር።

የሞርፊን ሽሮፕ አንድ ዓይነት አይደለም። 5 ሚሊ ውስጥ 5 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 10 ሚሊግራም ያለውም አለ። "አንድ ማንኪያ ነው የምወስደው" ሲሏችሁ በሚሊ ተቀብላችሁ ሚሊግራም ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ወይም በተቃራኒው። ጠርሙሱን አስመጡና ጽሑፉን አንብቡ። ጠርሙሱ ካልተገኘ በምን እንደሚለኩ ጠይቁ፣ መለኪያ ስሪንጅ ነው ወይስ የቤት ማንኪያ።

ናሎክሶን የለም ለሚለው ወንድሜ፣ በየወሩ በጥያቄ ዝርዝር ላይ ማስገባት ነው፣ ያልተጠየቀ መድኃኒት አይመጣም። ሲኖር ደግሞ ለለመደ ሰው እንዴት እንደሚሰጥ ይታወቅ። አምፑሉ ብዙ ጊዜ 0.4 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ነው። ሙሉውን በአንዴ ከሰጣችሁት ሰውየው ይነቃል፣ ግን በአንዴ ሕመሙም ዊዝድሮዋሉም ይመጣበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ደም ሥሩ ውስጥ የገባውን ካኑላ ነቅሎ ይነሳል። አንዱን አምፑል በ9 ሚሊ ሳላይን አቅጥናችሁ 10 ሚሊ አድርጉት። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ 0.04 ሚሊግራም ነው። 1 ሚሊ ስጡ፣ በባግና ማስክ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው) እያገዛችሁት 2 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ እንደገና 1 ሚሊ። የምትፈልጉት ትንፋሹ እንዲመለስ ነው፣ ተነስቶ እንዲያወራችሁ አይደለም። ናሎክሶን ቶሎ ያልቃል፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ሞርፊኑ ተመልሶ ሊይዘው ስለሚችል "ነቃ" ብላችሁ እንዳትተዉት። የወሰደው ትራማዶል ከሆነ ናሎክሶን የሚመልሰው በከፊል ነው።

ፔንታዞሲን የሚባለውን መርፌ በየቀኑ ሞርፊን ለሚወስድ ሰው በፍጹም አትስጡ። ማስታገሻ ነው ተብሎ ይሰጣል፣ ግን የሞርፊኑን ቦታ ይይዝና ሰውየውን እዚያው ዊዝድሮዋል ውስጥ ይከተዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሞርፊን ይጠራቀማል፣ መጠኑ ይቀንስ፣ ጊዜውም ይራራቅ። ዲክሎፌናክም ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል፣ የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ የሽንት ቱቦ ዘግቶ ኩላሊት ሊያደክም ስለሚችል ለእነዚያ እናት ክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ሳይታይ እየደጋገሙ መውጋቱ አይመከርም። ፓራሲታሞልን ግን አትናቁት፣ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ለከሳ ሰው ከዚያ ቀንሶ። ከሞርፊኑ ጋር አብሮ ሲሄድ ነው የሚጠቅመው፣ በሞርፊኑ ምትክ ሲሆን አይደለም። የሆድ ማለስለሻም እዘዙ፣ በሞርፊን ምክንያት የሚመጣ ድርቀት ሰውነት አይለምደውም።

የታማሚ ልጅ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ በካንሰር ታማ ሞርፊን ትወስዳለች፣ የምናስታምማት እኔና እህቴ ነን። ይሄን ሁሉ ሳነብ የሚሰማኝን መጻፍ ፈለግኩ።

እናቴ በጣም ስትታመም ወደ ድንገተኛ ክፍል ስንወስዳት መጀመሪያ የምንፈራው በሽታውን አይደለም፣ የሚሰጡንን ፊት ነው። "ሞርፊን" ስንል የሚቀየረው ፊት። መድኃኒቱን እኛ ፈልገን ያመጣነው ይመስል። አንዴ አንድ ቦታ (ስሙን አልጽፍም) "ልማድ ሆኖባቸዋል" ብለው ሲያወሩ እናቴ ሰምታ ከዚያ በኋላ ሲያማት መናገር ትታ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ "ተሽሏቸዋል" ተብሎ ይጻፋል። እናንተ ጋ ያለ ሰው ዝም ካለ እባካችሁ ደግማችሁ ጠይቁት።

እንደኛ የሚያስታምሙ ካሉ ደግሞ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ጠርሙሱን ከነመለኪያው ሁልጊዜ በአንድ ከረጢት እናስቀምጣለን፣ ከቤት ስንወጣ ከረጢቱ አብሮ ይወጣል። በአንድ ወረቀት ላይ ስንት ሚሊ፣ በስንት ሰዓቱ፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደተሰጠ እንጽፋለን። ሰዓቱን ስንጽፍ ማታና ጠዋት ብለን እንለያለን፣ አለበለዚያ ይምታታል። ያን ወረቀት ሳሳይ ቶሎ ይረዱኛል፣ በቃል ስናገር ግን ይጠራጠሩኛል።

ዶክተር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወረፋ ስንጠብቅ ሰዓቷ ቢደርስ ከያዝነው ሽሮፕ ብንሰጣት ችግር አለው?

የድንገተኛ ሐኪም

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው። ነቅታ የምታወራ፣ ያላስመለሳት ከሆነ የሰዓቷን ዶዝ መስጠት ትክክል ነው፣ ግን ሳትነግሯቸው አትስጡ። በር ላይ ያለውን ነርስ "ሰዓቷ ደርሷል፣ ይሄን ያህል ልንሰጣት ነው" በሉትና ጽፎ ይያዘው። አለበለዚያ እናንተ ሰጥታችሁ ውስጥም ሊደገም ይችላል። እንቅልፍ የተጫናት ከሆነ ወይም የሽንቷ መጠን ከቀነሰ አትስጡ፣ ቶሎ እንድትታይ ጠይቁ።

ተረኛ ነርስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነቴን ነው። እናትየዋ በማግስቱ ሲኒየሩ ሲመጣ የዕለት ዶዛቸው ተመለሰላቸው፣ እግራቸውም ታሰረ፣ ማዛጋቱና ላቡ በዚያው ቀን ቀረ። ልጃቸውም ተኛች።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ርክክብ ላይ ምን ብዬ ልናገር? እኔ ያስጀመርኩትን ቀጣዩ ተረኛ ያቋርጠዋል። ሁለተኛ፣ እንደ ባጃጁ ልጅ ያለው ሰው ሲወጣ ምን ሰጥተን ነው የምንሸኘው? ባዶ እጁን ቢሄድ ከመንገድ ይገዛል፣ ብዙ ብንሰጠው ደግሞ እንሰጋለን።

የድንገተኛ ሐኪም

ርክክብ ላይ "ሞርፊን ላይ ናቸው" ብቻ አትበይ። በቀን ስንት ሚሊግራም ቤታቸው ይወስዱ እንደነበር፣ ዛሬ የዕለቱን ስንት ሰዓት እንዳገኙ፣ ለስብራቱ ስንት ጊዜ ምን ያህል እንደተጨመረ፣ የመጨረሻው ትንፋሽ ስንት እንደነበርና የሚቀጥለው ዶዝ ስንት ሰዓት እንደሆነ። አምስቱንም ጻፊው። "እንደ አስፈላጊነቱ" ተብሎ የታዘዘ የዕለት ዶዝ ካየሽ በሰዓት እንዲቀየር ሐኪሙን ጠይቂ፣ "እንደ አስፈላጊነቱ" የተባለ ነገር ሌሊት አይሰጥም።

ለወጣቱ፣ ትራማዶሉን በአንዴ አቁም ብላችሁ አትሸኙት። በአንዴ ሲያቆም ከተለመደው ዊዝድሮዋል በላይ ከባድ ጭንቀትና መረበሽ ሊመጣበት ይችላል። የሚወስደውን መጠን መዝግባችሁ፣ ለአዲሱ ጉዳት ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ፣ ከተቻለ ፓራሲታሞልና ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ኢቡፕሮፌን ዋናው ሆኖ፣ በተቆረጠ ቀን ደግሞ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ስጡት። ከትራማዶል መላቀቅ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት፣ ግን ሕመሙ ከበረደለት በኋላ። አዎ ካለ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ቀስ በቀስ መጠኑን እየቀነሱ ሊረዱት ይችላሉ፣ የሪፈር ወረቀቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ በእጁ ስጡት። አይ ካለም ቁጣ አያስፈልግም፣ ለትከሻው ቀጠሮ ሲመለስ እንደገና ትጠይቁታላችሁ። ስልኩ ካርዱ ላይ ካለ ደግሞ ደውይለትና ለጎኑ ራጅ እንዲመለስ ንገሪው፣ ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ ዛሬውኑ ይምጣ።